የእልፍነሽ ባሕርና የእኔ ጥንቃቄ

ሰኔ 3፣ 2017

እልፍነሽ በዚህ ወር ጡረታ ትወጣለች። ክፋቱ፣ ስንጋባ የሰጠኋት ቃልም አብሯት መውጣቱ ነው። ሙሽራ ነበርኩ፤ ሙሽራ ደግሞ የማይለው የለም። «ጡረታ ስትወጪ ባሕር አሳይሻለሁ» ብያት ነበር። ያን ጊዜ ጡረታ ከባሕሩም ይርቅ ነበር።

ዛሬ ምሳ በልተን ሳንነሳ ሉሏን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጂኦግራፊ ስታስተምርበት የኖረችው ሉል ነው፤ አንድ ተማሪ ጥሎት ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ተሰንጥቋል። ጣቷን ከምድር ወገብ ትንሽ ዝቅ አድርጋ አንዲት ነጥብ ላይ አሳረፈች።

«ባሊ» አለች። «እዚህ ነው የምትወስደኝ።»

መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ከአፍሪካ ጫፍ እስከ ነጥቧ ድረስ ያለው ሁሉ ሰማያዊ ነው።

«ሐይቅ አይሆንም? ዓባያ እዚህ ከሁምቦ በታች ተኝቶልሻል» አልኳት።

«ዓባያን ሳይ ነው ያረጀሁት። የምድር ወገብን በጠመኔ ሳሰምር ኖሬ፣ አንድ ቀን ሳላቋርጠው አልቀርም።»

እሺ አልኳት። ዋናው ነገር ጥሩ አየር መንገድ መምረጥ ነው፣ እሱን ለእኔ ተይው አልኩ። ደስ ብሏት ሉሉን ስታሽከረክር ዋለች። እኔ ከሰዓት ወደ ሞተር መለዋወጫ ሱቄ ሄጄ ካንዴላ ለጠየቀኝ ሰው የፍሬን ሸራ ሰጠሁት።

ሰኔ 7

ልጃችን ሊድያ ከአዲስ አበባ እኛ ጋ ሶዶ ደወለች። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሲደብራት ግን ሥራዋ እኛን ማስተዳደር ይመስላታል። የጉዞውን ጊዜ ወስናለች። ከፍልሰታ ጾም በኋላ፣ ከመስቀል በፊት። መስቀልን ጉራጌ አገር ካልዋልኩ ዘመድ የሚያኮርፈኝ እኔ ነኝና ይህ ተገቢ ነው። ቪዛውንም እኔ እጨርሳለሁ ብላለች።

«አባዬ፣ ምርጫው ሁለት ነው» አለች። አንዱ የራሳችን አየር መንገድ ነው፤ እስከ ባንኮክ በአንድ ትንፋሽ ይወስድና ከዚያ በሌላ ያሻግራል። ሌላው የዓረቦቹ ነው፤ እነሱ ከተማ አሳርፎ መንገዱን እኩል ለሁለት ይከፍለዋል።

እልፍነሽ ወዲያው «የራሳችን» አለች። «አንድ ነገር ቢሆን በአማርኛ ይነግሩናል።»

«የዓረቦቹ» አልኩ እኔ።

«ለምን?»

«እያጠናሁት ነው።»

ሰኔ 12

ሱቅ። ሥራ በዝቷል። ከበዴሳ የመጣ ባለሞተር የተሰባበረ ኩሽኔታ በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣ። «መንገድ ላይ ሳላስበው ቀጥ አለብኝ» አለ። ሳላስበው!

ዕድሜዬን ሙሉ የባጃጅና የሞተር መለዋወጫ ስሸጥ ኖርኩ። ወደ እኔ ሱቅ ጤነኛ ሞተር መጥቶ አያውቅም። ሰው ይህን አያስብልኝም። ጎረቤቴ ሰብስቤ፣ ጎማ የሚሸጠው፣ «ጋሽ ኃይሌ፣ አውሮፕላን እኮ እንደ ባጃጅ አይደለም» ይለኛል። እሱ የሚያየው ጎማውን ብቻ ነው። የእኔ ፍርሃት አይደለም፤ ጥንቃቄ ነው።

ሰኔ 15

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስለ አውሮፕላን የሚያስረዳ ቪዲዮ በስልኬ ከፈትኩ። ክንፉ ለምን እንደሚወዛወዝ፣ ጎማው ሲታጠፍ ለምን እንደሚጮህ፣ አየሩ ሲያንገጫግጭ ምን እንደሚሆን። ሰውየው ረጋ ብሎ ነው የሚያስረዳው። እልፍነሽን «ነይ እይ፣ አብረን እንምረጥ» ብላት ሽንኩርት እከትፋለሁ ብላ ወጣች። ሌላውን ስከፍት ደግሞ ልብስ ላሰጣ አለች። ዳሞታ ተራራ በጉም ተሸፍኖ፣ ዝናቡ ሊወርድ፣ ልብስ ልታሰጣ!

ግትር ናት። የራሷን ከመረጠች በኋላ ሌላውን ማየት አትፈልግም። የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መቀመጫችን አንድ ላይ ነው አይደል?» ይህን ዛሬ ሦስቴ ጠየቀችኝ።

ሰኔ 20

የእልፍነሽ ሽኝት። ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። መምህራኑ ተሰብስበው የገዙላት ስጦታ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሻንጣ! ትልቅ፣ ሰማያዊ፣ ባለ አራት ጎማ። ለካ ለሁሉም ነግራለች። ርዕሰ መምህሩ «ውቅያኖስን ያስተማረችን መምህርት ውቅያኖስን ልታይ ነው» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልኩ። ምን ላድርግ?

የድሮ ተማሪዎቿ በየተራ እየመጡ ጨበጡኝ። አንዷ «ታድለሽ ቲቸር፣ እንዲህ ያለ ባል!» አለቻት። እልፍነሽ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። ከሠርጋችን ወዲህ ሰው ፊት ክንዴን ይዛ አታውቅም። ዓይኔን በጨው አጥቤ ቆምኩ።

ሰኔ 27

ሊድያ ደወለች። አልወሰንኩም አልኳት።

ሰኔ 29

ሊድያ። አልወሰንኩም። ኔትዎርክ ጠፋ አልኳት። ኔትዎርኩ አልጠፋም ነበር።

ሐምሌ 2

ጉድ ፈላ። ዛሬ ቁርስ ላይ እልፍነሽ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀምጣ «እሺ ኃይሌ፣ ያንተ ይሁን፤ በዓረቦቹ እንሂድ» አለች።

እንዲህ በቀላሉ ትለቃለች ብዬ አልጠበቅኩም። ውሃ ጠጥቼ ሳበቃ «የዓረቦቹስ ችግር የለባቸውም ብለሽ ነው?» አልኩ።

«አንተ አይደለህ እንዴ የመረጥካቸው?»

«ሁለቴ ይነሳል፣ ሁለቴ ያርፋል። የእኛው እስከ ባንኮክ አንዴ ነው።»

«እሺ በእኛው እንሂዳ!»

«የእኛው ደግሞ ያን ሁሉ ሰዓት ሳያርፍ...»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ተማሪ ሲዋሽ የምታይበት አስተያየት ነው፤ ተማሪዎቿ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፣ እኔ ላይ ሲደርስ ግን ዛሬ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ገባች። ቀኑን ሙሉ ለምን እንዲህ እንደምሆን ራሴን ስጠይቅ ዋልኩ። መልሱን ባውቀውም መጻፍ አስፈላጊ አይደለም።

ሐምሌ 5

ሊድያ አዲስ ዘዴ ይዛ መጥታለች። መጀመሪያ ከአርባ ምንጭ እስከ አዲስ አበባ በአውሮፕላን እንድንሄድ፤ «ለመለማመድ ያህል፣ አባዬ፣ ቁጭ ሳትል ይደርሳል።» ጉልበቴን ያመኛል አልኳት። «የምትቀመጠው እኮ በጉልበትህ አይደለም» አለች። የእናቷ ልጅ!

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ከጀርባ ዕቃ ስፈልግ ሰብስቤ ከመካኒኮቹ ጋር ሲያወራ ሰማሁት። «ዩኒቨርሲቲው አራተኛ ፎቅ ላይ ዕቃ ሊያስረክብ አብሬው ሄጄ፣ ጋሽ ኃይሌ ግድግዳ ግድግዳውን ተለጥፎ ነው የሄደው። ባሊ ይሄዳል? እኔ ቀድሜው ጨረቃ እሄዳለሁ!» ሳቁ። የዚያን ቀን ወለሉ እርጥብ ስለነበር ነው። ሰው ሳያጣራ ያወራል።

ሐምሌ 11

ብርድ ልብስ ፈልጌ ቁም ሣጥን ብከፍት የለም። «ወዴት አደረግሽው?» አልኳት።

«ሻንጣው ውስጥ።»

ሰማያዊውን ሻንጣ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቅላዋለች። ወንበር ላይ ወጥቼ ሳወርደው ከበደኝ። ትርፍ ብርድ ልብሶቻችንን ሁሉ አጣጥፋ ሞልታበታለች፤ ብል እንዳይበላቸው የብል መድኃኒት ሳይቀር ጣል አድርጋበታለች። የሻንጣው የዋጋ ወረቀት ገና እጀታው ላይ አለ።

አንጀቴን በላችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ይህች ሴት ሠላሳ ምናምን ዓመት የሰው ልጅ ሁሉ ባሕሩ የት እንዳለ እንዲያውቅ ስትለፋ ኖራ፣ በእኔ ምክንያት ባሕሯን ብርድ ልብስ ልታለብሰው ነው። ነገ ሊድያ ጋር ደውዬ የመጣው ይምጣ እላለሁ።

ሐምሌ 12

አልደወልኩም።

ሐምሌ 13

ዛሬ ሽማግሌ ተቀመጠብኝ። እውነቴን ነው።

ከቅዳሴ መልስ ወደ ሳሎን ስገባ አጎቴ ጋሽ ወልደመስቀልና ጎረቤታችን አቶ ጦና ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። እልፍነሽ ናት የጠራቻቸው። ጋሽ ወልደመስቀል ብርድ ልብስ ሲሸጥ ያረጀ፣ በሶዶ ያሉትን ጉራጌዎች በሙሉ አንዴ አስታርቆ አንዴ አጣልቶ የሚያውቅ ሰው ነው። አቶ ጦና ከግብርና ቢሮ ጡረታ የወጣ፣ ወላይታ ውስጥ ያልገባበት ቀበሌ የሌለ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሽማግሌ ነው።

«ሳሮ፣ ኃይሌ» ብሎ በወላይትኛ ሰላም አለኝ አቶ ጦና። «ቁጭ በል።»

በራሴ ቤት ቁጭ በል ተባልኩ፤ ቁጭ አልኩ።

ጋሽ ወልደመስቀል ጉሮሮውን ጠረገ። «ባልና ሚስት በመጠጥ ሲጣሉ አስታርቄያለሁ፣ በመሬት አስታርቄያለሁ፣ በአማት አስታርቄያለሁ። በአየር መንገድ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ከሳሽ ትቅደም።»

እልፍነሽ ተነሥታ አጭር አድርጋ ተናገረች። «ቃል ገባልኝ። አሁን ደግሞ አልስማማም ይላል። ስስማማለትም አይስማማም። ወይ ይምረጥ፣ ወይ አልወስድሽም ይበለኝና ይውጣልኝ።» ተቀመጠች።

ተራዬ ሲደርስ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ግን ጋሽ ወልደመስቀል አባቴን የቀበረ ሰው ነው፤ እሱ ፊት እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይወጣኛል? እናም ስለ ዓረቦቹ አየር መንገድ ተናገርኩ። ስለ መቀመጫው ስፋት፣ ስለ ሻንጣው ኪሎ፣ ስለ ምግቡ። ለረጅም ጊዜ። ራሴን እስካምን ድረስ።

አቶ ጦና ጥያቄ አለኝ አለ። «አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ያድራል?»

«አያድርም፣ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል።»

«ታዲያ ሹፌሩ መቼ ነው የሚተኛው?»

ይህንንስ አላሰብኩትም ነበር!

ከዚያ እንደ ወጉ ሁለታችንንም አስወጡን፤ እሷ ጓዳ፣ እኔ ግቢ። ዝናቡ ያካፋል። በመስኮቱ ሲንሾካሾኩ ይታየኛል፤ አንዴ ጋሽ ወልደመስቀል አፉን በጋቢው ሸፈነ። እያሳለው ነው መሰለኝ።

ተጠራን። ጋሽ ወልደመስቀል እንዲህ ብሎ ፈረደ። «በሽምግልና አንዱ ሙሉ ለሙሉ አይረታም። ሁለታችሁም ያላችሁት ሚዛን ይደፋል። ስለዚህ እሷ በራሷ አየር መንገድ፣ አንተ በራስህ አየር መንገድ ሂዱ።»

«ደሴቱ ላይ ትገናኛላችሁ» አለ አቶ ጦና። «ቲቸር ጥሩ ሰው ናት። ቀድማ ከደረሰች ትጠብቅሃለች።»

«ፍርዱን ያፈረሰ በግ ይቀጣል» ብሎ ጋሽ ወልደመስቀል መረቀን።

እልፍነሽን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። በአፈራረዱ ተናዳለች ማለት ነው። ግን ጉልበታቸውን ስማ ገባች። እኔም ጉልበታቸውን ሳምኩ። የጠየቅኩትን አግኝቻለሁ፣ ምን እላለሁ?

ሐምሌ 14

ሊድያ በስልክ፦ «ፍርዱን ሰማሁ። መቀመጫህን መስኮት ጋ ላድርገው፣ አባዬ?»

ኔትዎርክ ጠፋ አልኳት።

ሐምሌ 18

እንቅልፍ የለም። እልፍነሽም የላትም መሰለኝ፤ ገና ጎህ ሳይቀድ ድስት ታጥባለች፣ ንጹሕ ድስት። ገብቼ ላናግራት ብዬ በሩ ጋ ቆምኩ። «ምን ፈለግህ?» አለች። «ውሃ» አልኩ። ውሃ ሰጠችኝ።

ለብቻዬ። በሰው አገር ሰዎች መካከል። እጄን የሚይዘኝ ሳይኖር። ማለቴ፣ ሻንጣዬን።

ሐምሌ 22

ሰብስቤ ሱቁ በር ላይ ቆሞ «ጋሽ ኃይሌ፣ ለየብቻ ነው አሉ የምትሄዱት? ዘመናዊ ሆናችሁ!» አለኝ። በእጄ የያዝኩትን ካምቢዮ ጣልኩት። ጥሩ ካምቢዮ ነበር።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

ጠዋት ገበያ ሄጄ በግ ገዛሁ። ጥሩ ሙክት ነው። ባጃጅ ውስጥ አብረን ተቀምጠን ወደ ጋሽ ወልደመስቀል ቤት ስንሄድ ከሁለታችን የባሰ የፈራው ማን እንደሆነ ባለባጃጁም አላወቀም።

አቶ ጦናም እዚያው ነበር። እልፍነሽም ተጠርታ መጣች። በጉን ግቢው ውስጥ አሰርኩና ፊታቸው ቆምኩ።

«ፍርዱን አፍርሻለሁ» አልኩ። «ይኸው ቅጣቴ።»

ጋሽ ወልደመስቀል በጉን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «በጉ ጥሩ ነው። ምክንያቱስ?»

«ከእልፍነሽ ጋር መሄድ እፈልጋለሁ። በእሷ አየር መንገድ።»

«የዓረቦቹ መቀመጫስ? የሻንጣው ኪሎስ?»

በጉ አንዴ ጮኸ። ሁሉም ይጠብቃል። ቆሌዬ ተገፎ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ «እፈራለሁ» አልኩ። «በየትኛውም አየር መንገድ ቢሆን እፈራለሁ። ለብቻዬ ከሆነ አልችልም። እሷ አጠገቤ ካለች ግን እሞክራለሁ።»

ይስቁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጋሽ ወልደመስቀል ጋቢውን አስተካክሎ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። «ይህችን ቃል ለማውጣት ነው እንዲያ የፈረድነው።»

«አንተ ሰው ሆይ» አለ አቶ ጦና፣ «እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ በግ ስጠብቅ ነበር። ቆየህ።»

እልፍነሽ አጠገቤ መጥታ ቆመች። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «ለምን አልነገርከኝም?» አለች።

«ሽኝትሽ ላይ ክንዴን ይዘሽ ነበራ» አልኳት።

ሊድያ ስትደውል ለካ ትኬቱን ገና አልቆረጠችም። «ሽማግሌዎቹ ቆይ ብለውኝ ነው» አለች።

ነሐሴ 2

ጾም ገባ። ብርድ ልብሶቹ ወደ ቁም ሣጥን ተመለሱ። ሻንጣው ውስጥ የምድር ወገብን የምታቋርጥበት ቀሚስ ገብቷል። አንድ ጠርሙስ ዳጣም ገብቷል፤ እነሱ ደሴት ላይ ቃሪያ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል።

ነሐሴ 9

ቪዲዮ። ክንፍ። ጎማ። ሹፌሩ ሁለት መሆኑን አረጋገጥኩ፤ ረጅም መንገድ ከሆነ ከሁለትም ይበልጣሉ፣ ተራ በተራ ይተኛሉ። ለአቶ ጦና ሄጄ ነገርኩት። «ሎኦ፣ ጥሩ ነው» አለ፣ «አሁን እኔም እተኛለሁ።»

ነሐሴ 20

አዲስ አበባ፣ ሊድያ ቤት። በመኪና መጣን። እልፍነሽ ሆሳዕና ከተማን ካለፍን ወዲህ ብዙም አላወራችም። ጠበል በትንሽ ጠርሙስ ይዛለች። «መቀመጫችን አንድ ላይ ነው አይደል?» አለችኝ። ትኬቱን አሳየኋት። እንደገና አሳየኋት።

ነሐሴ 21፣ አውሮፕላን ውስጥ

ፊደሌ የሚንቀጠቀጠው በአውሮፕላኑ ምክንያት ነው።

በማታ ተነሣን። ሲንደረደር ዓይኔን ልጨፍን ስል የእልፍነሽ ጥፍር መዳፌ ውስጥ ገባ። ዞር ብዬ ባያት ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯ በጸሎት ይንቀሳቀሳል፤ ግንባሯ ላብ በላብ ሆኗል። መስኮት ጋ ነው የተቀመጠችው፣ መጋረጃውን ግን ዘግታዋለች።

«እልፌ?»

«አታናግረኝ።»

«አንቺም?»

«እኔም እኮ በሕይወቴ ወጥቼበት አላውቅም!» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «ጋሽ ወልደመስቀል ለየብቻ ሂዱ ሲል ልቤ ሊቆም ነበር። አንተን ተማምኜ እኮ ነው ባሊ ያልኩት!»

ያ ሁሉ የሽንኩርት መክተፍ፣ ያ ሁሉ ልብስ ማስጣት፣ ያ ሁሉ የሌሊት ድስት! ጎህ ሳይቀድ እዚያው በር ላይ ቆሜ ውሃ ጠየቅኳት። ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ።

ከታች የሆነ ነገር ገጭ ሲል ጮኸች። «ጎማው ነው የታጠፈው» አልኳት። «መታጠፍ አለበት።» ክንፉ ተወዛወዘ። «መወዛወዙ ነው ጤንነቱ፤ ድርቅ ቢል ነው የሚያስፈራው።» ሁለት ወር ሙሉ ላለመሄድ ያጠናሁትን ሁሉ በጆሮዋ ሳወርድላት እኔም መፍራቴን ረሳሁ። ሹፌሩ ተራ በተራ እንደሚተኛ ስነግራት ትንፋሿ ረጋ አለ።

«ኃይሌ» አለች ከቆየች በኋላ።

«አቤት።»

«ምነው ያንተን አየር መንገድ በመረጥን ኖሮ።»

«እሱም እኮ ይበራል» አልኳት።

ሲነጋ

ተሳፋሪው መጋረጃ መክፈት ጀምሯል። እልፍነሽ አሁንም ዓይኗን አልገለጠችም፤ ግን ሰዓቷን በጣቷ ዳስሳ አስልታለች። «አሁን የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ላይ መሆን አለብን» አለች። «ይታያል?»

ማንም አያየኝም፤ ሳላይ «አይታይም» ማለት እችል ነበር። በላይዋ ዘንበል ብዬ መጋረጃውን ከፈትኩና ወደ ታች አየሁ።  

«ይታያል» አልኳት። «ሙሉ ነው፤ ዳርቻ የለውም። ፀሐይዋ ላዩ ላይ ናት።»

«አትዋሸኝ።»

«ግለጪና እዪ። እጅሽን ይዤዋለሁ።»

መጀመሪያ አንዱን ዓይኗን ገለጠች፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ጣቷን በሰማያዊው ላይ አሄደች። 

«ከሉሉ ይበልጣል» አለች።